አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ መርማሪው ደራሲ
በመካነ ሰላም ለተሰበሰቡ መምህራን፣ ካህናትና ተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



የምናገረው የቦረና ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት በዚህ አገር ኖሮ፣ በዚሁ አገር አርፎ፣ በገዳሙ ስሙ እስከ ዛሬ ስለሚጠራው ስለ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው። ስሙ ለማናችሁም እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን ዕረፍቱ ይታሰባል፣ ገድሉ ይነበባል፣ ጸበሉ ይጠጣል። እኔ ግን ዛሬ ስለ ቅድስናው አባቶቻችን ከእኔ በተሻለ የሚያውቁትን ለመድገም አልመጣሁም፤ ምን ጥያቄ እንዳስጨነቀው፣ ከማን ጋር እንደ ተከራከረ፣ በምን መንገድ አስቦ በምን ማስረጃ እንደ መለሰ ለመመርመር ነው የመጣሁት። የአንድ ሊቅ ዝክር የሚፈጸመው መጽሐፉ ተገልጦ ነገሩ ሲመረመር ነው ብዬ አምናለሁና። የምጠራቸውም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ነገሩ ይብራራልን ዘንድ ከሩቅ ልጀምር። በስምንተኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ በሕንድ አገር በስተ ደቡብ፣ ዛሬ ኬራላ በሚባለው ክፍል፣ ካላዲ ከምትባል መንደር ሻንካራ የሚባል ሊቅ እንደ ተነሣ ሕንዶች ይተርካሉ። ገና በልጅነቱ ዓለምን ንቆ መነነ፣ ጎቪንዳ የሚባል መምህር ፈልጎ በእግሩ ሥር ተቀመጠ፣ ከዚያም አገሩን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ እየዞረ ሲያስተምርና ሲከራከር ኖሮ በ32 ዓመቱ ዐረፈ ይላል ትውፊቱ። በአራቱም የሕንድ ማዕዘን አራት ገዳማት እንደ ተከለ ይነገራል፤ እነርሱም በደቡብ ስሪንጌሪ፣ በምዕራብ ድዋርካ፣ በምሥራቅ ፑሪ፣ በሰሜንም በሂማላያ ተራራ ሥር ያለው ጆሺማት ናቸው፤ እስከ ዛሬም መምህር ከመምህር እየተቀበለ ወንበራቸው አልታጠፈም። መጻሕፍቱን የጻፈው በሳንስክሪት ነው፤ ሳንስክሪትም በዚያ ዘመን በዕለት ኑሮ ከሚነገሩት ቋንቋዎች ተለይቶ የሊቃውንትና የጸሎት ቋንቋ ሆኖ የሚኖር፣ ተማሪው ሰዋስውን በቃል አጥንቶ በብዙ ድካም የሚወርሰው ልሳን ነበረ። ከሥራዎቹም ዋና ዋናዎቹ ኡፓኒሻድ ለሚባሉት ጥንታዊ መጻሕፍት፣ ለባጋቫድ ጊታና ለብራህማ ሱትራ የጻፋቸው ትርጓሜዎች ናቸው።

የትምህርቱ መሠረት ይህ ነው። በእውነት ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ብራህማን ይባላል፤ የሰው ነፍስም በመጨረሻው ከዚያ ከአንዱ የተለየች አይደለችም፤ ብዙ ሆኖ የሚታየን ዓለም ባለማወቃችን ምክንያት በአንዱ ላይ የጫንነው መልክ ነው። ይህን ሲያስረዳም ሻንካራና ተከታዮቹ አንድ ምሳሌ ያዘወትራሉ። ሲመሽ በድንግዝግዝ የሚሄድ መንገደኛ ወድቆ ያገኘውን ገመድ እባብ ይመስለዋል፤ ይደነግጣል፣ ወደ ኋላም ይሸሻል፤ መብራት በመጣ ጊዜ ግን እባቡ ከየትም አልሄደም፣ ከመጀመሪያውም አልነበረምና። በእነርሱ ዘንድ ዕውቀት ማለት የዚህ መብራት መምጣት ነው፤ አዲስ ነገር አይፈጥርም፣ የነበረውን ያሳያል።

እኔን ግን ከትምህርቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሥርዐተ ክርክሩ ነው። የሳንስክሪት ሊቃውንት ልማድ አስቀድሞ የተቃዋሚን ቃል ማቆም ነው፤ ያውም ተቃዋሚው ራሱ ቢገኝ አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው ብሎ እስኪመሰክር ድረስ ሳያጎድሉና ሳያጣምሙ ማቆም ነው። ምላሹ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ድምዳሜውም ከምላሹ በኋላ ነው። ሻንካራ ማንዳና ሚሽራ ከሚባል ታላቅ ሊቅ ጋር ሲከራከር የማንዳና ሚስት ዳኛ ሆና እንደ ተቀመጠች፣ የተረታውም የረቺው ደቀ መዝሙር ሊሆን ቃል እንደ ገባ ትውፊታቸው ይነግራል። ነገሩ እንደ ተተረከው ቢሆንም ባይሆንም፣ አንድ ሕዝብ ስለ ሊቁ ሲተርክ ይህን መምረጡ ብቻውን ክርክርን ምን ያህል ያከብር እንደ ነበረ ያስረዳል።

ስለ ሕንዱ ሊቅ ይህን ያህል መናገሬ የሌላውን አገር ለማድነቅ አይደለም፤ የራሳችንን ሊቅ በየትኛው ማዕርግ ማስቀመጥ እንደሚገባን እንድናይ ነው እንጂ። ደግሞም የሕንድ ጥበብ ለግእዝ መጻሕፍት ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከየመን መጥቶ ክርስትናን የተቀበለውና በደብረ ሊባኖስ እስከ እጨጌነት የደረሰው አባ ዕንባቆም፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው የበረላምና የይዋሴፍ መጽሐፍ፣ ዓለምን ንቆ ስለ መነነ አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጅ የሚናገር ነው፤ የታሪኩም ምንጭ የቡድሃ ዜና ሕይወት መሆኑን፣ በፋርስ፣ በዐረብና በጆርጂያ ልሳናት አልፎ ከክርስቲያኖች እጅ እንደ ደረሰ ሊቃውንት መርምረው ደርሰውበታል። የእኛ መነኮሳት ሩቅ አገር የተወለደውን አሳብ ለመቀበል በራቸውን ከዘጉ ወገን አልነበሩም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ዛሬ ቦረና፣ ወግዲ፣ ሳይንትና ለጋምቦ የምንለው ይህ ከበሽሎና ከዓባይ ወዲህ ያለው ደጋ በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው አገር እምብርት ነበረ። ነገሥታቱ ድንኳናቸውን እየተከሉ የሚሰፍሩበት፣ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት የሚያሳንጹበት፣ ካህናቱ በቤተ መንግሥት ሰፈርና በገዳማት መካከል የሚመላለሱበት ምድር ነበረ። አባ ጊዮርጊስ በ1360ዎቹ ግድም የተወለደው በዚህ ምድር ነው፤ ዘሰግላ እየተባለም ይጠራል። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ሰፈር የሚያገለግል የተማረ ካህን ነበረና ልጁን ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሰደደው። ሐይቅ በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ እጅ የታደሰ፣ በ1280 ግድም የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እስከ ዛሬ የተጠበቀበት፣ ሰሜኑንና ደቡቡን በመምህራን ያጠገበ የመጻሕፍት ቤት ነበረ።

ገድሉ ስለ ተማሪነቱ የሚነግረውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ትምህርት ባልገባው ጊዜ ባልንጀሮቹ እንደ ናቁት፣ ለማኅበሩ እህል እየፈጨ እንደ ኖረ፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ዕንባውን አፍስሶ ጽዋዐ ልቡና እንደ ተሰጠው። ይህን ታሪክ ብዙዎች ያለ ድካም የተገኘ ዕውቀት አድርገው ይተርኩታል። እኔ ግን የምረዳው በሌላ መንገድ ነው፤ ጽዋው የተሰጠው ወፍጮውን ትቶ ለሄደ ሰው አይደለም፣ ዓመታት ሙሉ አልገባህም እየተባለ ከትምህርቱ ደጅ ላልራቀ ሰው ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፤ የዘገየው ተማሪ የአገሩ ታላቅ ደራሲ ሆኗልና።

ከትምህርቱ በኋላ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ቤተ መንግሥት ተጠርቶ የንጉሡን ልጆች እንዳስተማረ ገድሉ ይናገራል። ዘመኑ የክርክር ዘመን ነበረ። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ እኩል ትከበር ብለው ስለ ተነሡ ስደትና መከራ ይቀበሉ ነበር፤ ዐፄ ዳዊት በ1404 በሥርዐታቸው እንዲኖሩ ፈቀደላቸው፣ ነገሩም የተቈረጠው በልጁ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። አባ ጊዮርጊስ የተማረበት ሐይቅ ከኤዎስጣቴዎስ ወገን ባይሆንም፣ እርሱ መጽሐፍን መርምሮ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ የሚለውን አሳብ ደገፈ። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን፤ ለእውነት መመዘኛው የገዛ ማኅበሩ ልማድ አልነበረም።

በንጉሡ ፊትም ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር ተከራከረ። ጥያቄው በዳግም ምጽአት ጊዜ የሥላሴ አካላት እንዴት ይገለጣሉ የሚል ነበረ፤ ቢቱ በዚያ መገለጥ ወልድን ከአብና ከመንፈስ ቅዱስ ሲለይ፣ አባ ጊዮርጊስ በመለኮት አንድ የሆኑትን በፍርድ ቀን መለየት አይቻልም ብሎ መለሰለት። ላይ ላዩን ሲታይ ስለ ወደፊት ዘመን የሚደረግ ክርክር ይመስላል፤ በሥሩ ያለው ግን የአንድነትና የሦስትነት ነገር ነው፣ ማለትም አንድ የሆነው እንዴት ሦስት ተብሎ ይቆጠራል፣ ሦስቱስ እንዴት ሳይከፈሉ ይኖራሉ የሚለው ጥያቄ ነው። አባ ጊዮርጊስ በክርክሩ ቢረታም ክስና ምቀኝነት አልለቀቀውም፤ ተከስሶ እስር ቤት ገብቶ መከራ እንደ ተቀበለ ገድሉ ይነግራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት፣ በ1424 መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጸመ። ይህ መጽሐፍ የሕይወቱ ዐቢይ ሥራ ነውና ጥቂት ልቆይበት። አደራረሱ በየበዓላቱ እንዲነበብ ሆኖ በምዕራፍ የተከፋፈለ ሲሆን፣ በየምዕራፉ የአንድ መናፍቅ ስም ይጠራል፣ የተናገረው ይቀርባል፣ ከዚያም በብሉይና በሐዲስ ምስክርነት ምላሽ ይሰጠዋል። ሰባልዮስ አንድነትን አጸናለሁ ብሎ ሦስቱን አካላት የአንድ አካል ስሞች ብቻ አድርጓቸው ነበረ፤ አርዮስ ልዩነትን እጠብቃለሁ ብሎ ወልድን ፍጡር እስከ ማለት ደርሶ ነበረ፤ ንስጥሮስም በሥጋዌ ነገር መለኮትንና ትስብእትን ለያየ። አንዱ ሲቀላቅል ሌላው ይከፍላል፤ ለአንዱ የተሰጠ መልስ በጥንቃቄ ካልተቃኘ በሌላው ስሕተት ይጥላል። የአባ ጊዮርጊስ ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ሰባልዮስን ሲረታ ወደ አርዮስ እንዳያዘነብል፣ አርዮስንም ሲረታ ወደ ሰባልዮስ እንዳይመለስ ቃሉን እየመዘነ በሁለቱ መካከል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የአገሩን ሰው ቢቱንም ከነዚያ ከሩቅ ዘመን ሰዎች ጋር በአንድ ሸንጎ አቁሞ ይሞግተዋል።

እንግዲህ የሕንዱ ሊቅና የቦረናው ሊቅ በመንገድ የሚገናኙት በዚህ ነው። የተቃዋሚውን ቃል ያልሰማ መልስ መስጠት አይችልም፤ ሻንካራ በሳንስክሪት እንዳደረገው፣ አባ ጊዮርጊስም በግእዝ ተቃዋሚውን በስሙ ጠርቶ ወደ ጉባኤ አቀረበው። ሁለተኛም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ከምርምር ጋር ውዳሴን ያጣመሩ ናቸው። ለሻንካራ ብዙ የምስጋና ድርሰቶች ይሰጡታል፣ ሁሉም የእርሱ መሆናቸውን ሊቃውንት ባይቀበሉትም። አባ ጊዮርጊስ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያናችን ሌሊቱን የሚቆመውን መጽሐፈ ሰዓታት ደረሰ፤ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለውን፣ እመቤታችንን በእንቊ፣ በዕፅና በመዓዛ ምሳሌ የሚያወድሰውን አርጋኖንም ትውፊት ለእርሱ ይሰጠዋል፤ ውዳሴ መስቀልና ፍካሬ ሃይማኖትም ከሥራዎቹ ይቆጠራሉ። ዛሬ ይህን ሰዓታት የሚቆም ካህን ሁሉ፣ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፣ በመጽሐፈ ምሥጢር በክርክር የጸናውን ትምህርት በዜማ ይደግመዋል።

ስለ መመሳሰላቸው ስናገር ልዩነታቸውን ላለዝብ አልፈልግም፤ እንዲህ ማድረግ ሁለቱንም መበደል ነው። ለሻንካራ የመጨረሻው እውነት ስም፣ መልክና ግብር የማይሰጠው አንድ ነው፤ ብዙነት ሁሉ ከባለማወቅ የመጣ ነው። ለአባ ጊዮርጊስ ግን ሦስትነት ከሰው አእምሮ ድካም የተገኘ አይደለም፣ በባሕርዩ በእግዚአብሔር ዘንድ ያለ ነው፤ ዓለምም እውነተኛ ፍጥረት ናት፤ ቃልም በእርግጥ ሥጋ ለብሷል። ለአንዱ መዳን ማወቅ ነው፤ ለሌላው መዳን በሥጋ የመጣውን መቀበል ነው። ሁለቱ በአንድ ጉባኤ ቢገናኙ አጥብቀው ይከራከሩ እንደ ነበር አያጠራጥርም፤ በእኔ አስተያየት ግን አንዱ የሌላውን ቃል ሳያጣምም ያቆመው ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ልቤን ወደሚያሳዝነው ነገር እመጣለሁ። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና በተነሣ ቁጥር የሚጠራው በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጻፈ የሚነገረው የፈላስፋው የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ ነው። ኢጣሊያዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ዘርአ ያዕቆብ የሚባል ኢትዮጵያዊ አይደለም ካለ ወዲህ ስለ መጽሐፉ ባለቤት የተነሣው ክርክር አላበቃም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ግን ለኢትዮጵያዊነቱ ጠበቃ ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና አምስት ቅጽ መጻሕፍት አሳተሙ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ መጽሐፉም ይነበብ። ነገር ግን ዘመኑ የታወቀ፣ አገሩ የታወቀ፣ መጽሐፉ የተፈጸመበት ዓመት የታወቀ አንድ መርማሪ ሊቅ በእጃችን ሳለ፣ ጸሎተኛ በመሆኑ ብቻ ከአሳቢዎች መዝገብ መተዉ ፍትሕ አይደለም። ሕንዶች ሻንካራ መነኵሴ ነበረና ፈላስፋ አይባልም አላሉም። እኛም አባ ጊዮርጊስ ደብተራና መነኵሴ ነበረና አሳቢ አይባልም ልንል አይገባንም።

ይህ ምድር በሊቃውንት የከበረው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የዋድላን የቅኔ መምህራን ያፈራው ወሎ ነው፤ በጀማ ንጉሥ የሸኽ ሙሐመድ ሻፊ፣ በገታም የሐጂ ቡሽራ ደረሳዎች ፊቅህ የሚባለውን ሕግና ነሕው የሚባለውን ሰዋስው በዐረብኛ እያጠኑ፣ መንዙማውንም በአማርኛ እየደረሱ የዕውቀት ደጅ ያቀኑት በዚሁ በወሎ ነው። የግእዙም ሆነ የዐረብኛው ተማሪ ከቤቱ ይዞት ያልመጣውን ቋንቋ ቆሎ እየቆረጠመ ወይም በሶ እየበጠበጠ በብዙ ዓመታት ይወርሰዋል፤ የወረሰውም ቋንቋ ከመንደሩ አውጥቶ ከዘመናትና ከአገሮች ሊቃውንት ጋር በአንድ ጉባኤ ያስቀምጠዋል። ሳንስክሪት ለካላዲው ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ግእዝም ለሰግላው ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን መጻሕፍታችን ብዙ መከራ ተቀብለዋል። በ1531 በግራኝ አሕመድ ጦርነት እነ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም የሚባሉ አብያተ ክርስቲያናት ከነንዋያቸው ተቃጠሉ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ተወሰዱ፤ ከ300 የሚበልጡትም ወደ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው ዊልያም ራይት ዝርዝራቸውን በ1877 አሳተመ። የተረፈውን ለመጠበቅ የደከሙም አሉ፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በየገዳማቱ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ሲቀመጡ፣ በ1975 በጥይት ቆስለው ሰውነታቸው ከተጎዳ በኋላ ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ የሄዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2021 ድረስ መዝገባቸውን እያዘጋጁ፣ ስለ አባ ጊዮርጊስም ድርሰቶች እየጻፉ ኖረዋል። መጽሐፈ ምሥጢርንም በናፖሊ ያስተማሩት ሊቅ ያዕቆብ በየነ ግእዙን ከኢጣሊያንኛ ትርጉም ጋር ከ1990 እስከ 1993 በቤልጅግ አገር አሳትመውታል።

እንግዲህ የናፖሊ ተማሪ አባ ጊዮርጊስ ከአርዮስ ጋር እንዴት እንደ ተሟገተ በክፍሉ ተቀምጦ ሲመረምር፣ የቦረና ተማሪ የሊቁን ስም ብቻ ይዞ እንዲቀር መተው ለእኛ ለአዋቂዎቹ ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ የሚከፈለው በሥራ ነውና ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛው፣ የአብነት መምህራንና የዘመናዊ ትምህርት ቤት መምህራን በአንድ ላይ ተቀምጠው መጽሐፈ ምሥጢርን ምዕራፍ በምዕራፍ፣ ግእዙን ከአማርኛ ፍቺው ጋር የሚያነቡበት ቋሚ ጉባኤ እዚሁ መካነ ሰላም ይቋቋም፤ መሪጌታው የንባቡንና የምሥጢሩን ነገር ያስረዳ፣ የፍልስፍናና የታሪክ መምህሩ የክርክሩን አካሄድ ይከታተል፣ ተማሪውም ይጠይቅ። ሁለተኛው፣ በቦረና፣ በወግዲና በሳይንት አድባራትና ገዳማት ያሉት ብራናዎች ከቦታቸው ሳይነቀሉ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድና በካህናቱ ጥበቃ፣ ስማቸውና ይዘታቸው ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ መጽሐፍ ሲጠፋ እንኳ የሚፈልገው የለምና። ሦስተኛው፣ የመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲመርጡ የዚህን ምድር ሊቃውንት አሳብ ይመርምሩ፤ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም፣ የግእዙንም የዐረብኛውንም።

ይህን ስናደርግ ግን ሊቁን ለማመስገን ብቻ አንሰብሰብ። ያልገባንን አልገባንም እንበል፣ ያልተስማማንበትን በአክብሮት እንቃወም፣ ተቃዋሚያችንንም ቃሉን ሳናጣምም እናቁም። በዘመናችን ሰው የሌላውን አሳብ ሳይሰማ የሚፈርድበት፣ ሳያነብ የሚያወግዝበት ጊዜ በዝቷል፤ ከዚህ የምንድንበትን መንገድ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዚሁ ደጋ የኖረ ሰው፣ ለክርክር የሚገባው ሁሉ ስሙ ተጠርቶ፣ ቃሉ ተሰምቶ፣ በማስረጃ ተመልሶለት እንዲሄድ ከ600 ዓመት በፊት ሥርዐቱን ጽፎልናል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አብረን ለማንበብ የሚፈቅዱ ሁሉ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማቸውን ይስጡ፤ ሥራው ዛሬ ይጀመር።